ቢዋይዲ ወይስ ቮልስዋገን? ለከተማ ዳር ነዋሪ የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር ምርጫ

ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ለሚኖር ሰው ክሮስኦቨር የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ወደ ቤት የሚያስገባው ኮብልስቶን ወይም ፒስታ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ይሆናል። ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ሆዱ እየተፋቀ ነው የሚገባው። ላንድክሩዘር ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ እንደ አውቶሞቢል የሚነዳ፣ ከመሬት ግን ትንሽ ከፍ ያለ መኪና እንፈልጋለን።

ድሮ ጥያቄው ራቭ 4 ወይስ ቪታራ ነበር። በጥር 2016 ግን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቁ። ከዚያ በኋላ ከውጭ የመጣ ክሮስኦቨር ልግዛ ያለ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና መግዛቱ ነው። በነዳጅ የሚሠራ የሚፈልግ፣ ቀድሞ የገባውን ያገለገለ መኪና ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሻጭም ሆነ ወደ ደላላ ስትሄዱ ደጋግማችሁ ከምትሰሟቸው ስሞች ሁለቱ ቢዋይዲ እና ቮልስዋገን ናቸው። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስን ያቀርባል፤ ይህ መኪና ከቻይና ውጭ በብዙ አገሮች አቶ 3 ይባላል። ቮልስዋገን አይዲ 4ን ያቀርባል። ሁለቱም አምስት ሰው ይይዛሉ። የሞተራቸው ጉልበትም በተለመዱት ሞዴሎች እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ 150 ኪሎዋት፣ ማለትም 204 የፈረስ ጉልበት። ስለዚህ "የቱ ይሮጣል?" የሚለው ጥያቄ ብዙም አያስኬድም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጠዋት ከተማ ገብቶ ማታ ለሚመለስና ቤቱ ለሚሞላ የከተማ ዳር ነዋሪ ዩዋን ፕላስ ይሻለዋል እላለሁ። ቤተሰቡ ሰፋ ያለና ክፍለ ሀገር የሚያዘወትር ሰው ግን አይዲ 4ን ቢመርጥ አልከራከረውም። ከሁለቱም ስም በፊት ግን ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንዱ የቤታችሁ ኮሬንቲ ነው። ሌላው መኪናው የተሠራው ለየትኛው አገር ገበያ እንደሆነ ነው። ብዙ ሰው ስለ ስክሪኑና ስለ ቀለሙ ሲጠይቅ እሰማለሁ። ስለ እነዚህ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ስሙን በተመለከተ

ቮልስዋገን እኛ አገር ውለታ ያለው ስም ነው። ትንሿ ቮልስ አዲስ አበባን ለስንት ዘመን አገልግላለች። ዛሬም በየሰፈሩ የምትነዳ አለች። አይዲ 4 ላይ ያለው አርማ ያንን ትዝታ ይዞ ይመጣል። መኪናው ግን ከዚያች ቮልስ ጋር በሥራ አይገናኝም። ከቻይና የሚመጣው አይዲ 4 ደግሞ ጀርመን አገር የተገጣጠመ አይደለም። ቮልስዋገን ቻይና ውስጥ ሁለት ሸሪኮች አሉት። ከፋው ጋር ሆኖ የሚሠራው አይዲ 4 ክሮዝ ይባላል። ከሳይክ ጋር የሚሠራው አይዲ 4 ኤክስ ነው። ሁለቱም በ2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ገበያ ላይ ዋሉ።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ክሮዝ እና ኤክስ ከውስጥ አንድ ናቸው። የፊትና የኋላ ቅርጻቸው ግን ይለያያል። መብራት ወይም ፓራውልት ሲሰበር "የአይዲ 4 አምጣልኝ" ብቻ ብሎ ማዘዝ የማይሆን ዕቃ ሊያስመጣ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ገና ስትገዙ እወቁት።

ቢዋይዲ በ1995 ሼንዘን ከተማ ውስጥ በዋንግ ቹዋንፉ የተመሠረተው ባትሪ አምራች ሆኖ ነው። መኪና መሥራት የገባው በ2003 ነው። በመጋቢት 2022 በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ መኪኖችን ማምረት አቆመ። እነዚህም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ባትሪውን፣ ሞተሩን፣ አብዛኛውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ራሱ ይሠራል። "የቻይና ነገር" እያሉ የሚያጣጥሉት ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው። በባትሪ ጉዳይ ከቮልስዋገን ይልቅ የቆየው ቢዋይዲ ነው።

ቆጣሪው ጋ

ከተማ መሀል ያለ ሰው ቢቸግረው ፈጣን መሙያ ፍለጋ ብዙ አይርቅም። ኢትዮ ቴሌኮም ከ2017 ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ኃይል መሙያ ጣቢያዎች ከፍቷል፤ የግል ጣቢያዎችም አሉ። ከተማ ዳር ስንሆን ግን ጣቢያችን የገዛ ቤታችን ነው።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ መሙያ ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 2.2 ኪሎዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ በላይ ይፈጃል። ልዩነቱ ምጣዱ አንድና ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ደካማ ሶኬትና ቀጭን ሽቦ ለሁለት ሰዓት የሚችለውን ለአሥር ሰዓት አይችለውም። ይግላል፤ ይቀልጣል። ስለዚህ ለመኪናው ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ይዘርጋ። ማከፋፈያ ገመድ በመስኮት አሳልፎ መሙላት ፈጽሞ አይሞከር።

የመሬት ሽቦ ወይም አርዝ የሚባለውስ? ብዙ የከተማ ዳር ቤቶች የላቸውም፤ ወይም ለስም ያህል ነው ያለው። መሙያው ይህን ይመረምራል። ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። አንዳንድ ሠራተኞች መሙያውን የሚያታልል ሽቦ አገናኝተው ይሄዳሉ። ይህ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው። ዝናብ ላይ ቆሞ የመኪና በር የሚነካው ልጃችሁ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ አርዝ አስቀብሩ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ሜክሲኮ የሚሠራ ሰው በቀን 60 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። ዩዋን ፕላስ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ የቀኑ ፍጆታ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ፣ በዚያ ቀርፋፋ ተንቀሳቃሽ መሙያ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃል። ማታ ሰክቶ ጠዋት መንቀል ነው። አይዲ 4 ከበድ ስለሚል ትንሽ ይጨምራል፤ 19 ብንለው 11 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ለዕለት ሥራ የሁለቱ ልዩነት ከአንድ ሰዓት መሙላት አይበልጥም።

ልዩነቱ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ጠፋ እንበል። ትልቅ ባትሪ ያለው ይታገሳል። ሲመጣ ግን ለመተካት ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። የአይዲ 4 ትልቁ ባትሪ ከ83 እስከ 85 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የዩዋን ፕላስ ትልቁ 60.48 ነው። ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ በቀርፋፋው መሙያ ዩዋን ፕላስ 18 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አይዲ 4 ከ24 ሰዓት በላይ። ማታ ማታ ቮልት ወርዶ 180 ሲሆን ደግሞ ያ 2.2 ኪሎዋት ወደ 1.8 ይወርዳል። ሰዓቱ በዚያው ልክ ይረዝማል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው 32 አምፔር መሙያ 7 ኪሎዋት ይሰጣል። ግን ከመግጠም በፊት ቆጣሪያችሁና ከምሰሶው የሚመጣው መስመር ይችለው እንደሆነ መብራት ኃይልን ጠይቁ።

የወር ክፍያውንም አስቡት። በቀን 60 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ቢነዳ 1,500 ኪሎ ሜትር ነው። ለዩዋን ፕላስ 255 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ከፍ ይላል። መኪናው ሲጨመር ቤታችሁ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። ታሪፉ ራሱም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየጊዜው እንዲጨምር ተወስኗል። እንዲያም ሆኖ ከቤንዚን ጋር ሲነጻጸር ወጪው በጣም ያነሰ ነው። ይህ ለሁለቱም መኪኖች እኩል ይሠራል።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ የተለየ ነገር አለ። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ግቢ የቆመ መኪና መሙላት የኮሚቴ ስምምነት፣ የተለየ መስመር፣ አንዳንዴም የተለየ ቆጣሪ ይፈልጋል። ይህ ሳይፈታ መኪና መግዛት መከራ ነው። ለእናንተ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጣቢያ ሄዶ መሙላት ግድ ከሆነ፣ ረጅም መንገድ የሚያስኬደው አይዲ 4 ብልጫ ያገኛል።

ባትሪው ውስጥ ያለው ነገር

በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ትልቁ የቴክኒክ ልዩነት እዚህ ነው። ዩዋን ፕላስ ብሌድ የሚባለውን የቢዋይዲ ባትሪ ይጠቀማል። የተሠራው ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት ነው። አይዲ 4 ትልቁ ባትሪው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ነው። የብረትና ፎስፌቱ ከበድ ይላል፤ በተመሳሳይ ክብደት የሚይዘው ኃይል ያንሳል። በምትኩ ዕድሜው ረዘም ይላል። ሲመታ ወይም ሲግል በእሳት የመያያዝ ዕድሉም ዝቅ ያለ ነው።

በየቀኑ አያያዝ ላይ ይህ ምን ለውጥ ያመጣል? የአይዲ 4 ባትሪ ለዘወትር 80 በመቶ ላይ ቢቆም ይመረጣል። 100 የሚሞላው ለረጅም መንገድ ዋዜማ ነው። የብሌድ ባትሪ ግን እስከ 100 ቢሞላ ብዙ አይጎዳም። እንዲያውም አልፎ አልፎ ሙሉ በሙሉ መሙላት ያስፈልገዋል፤ አለዚያ መኪናው የቀረውን ኃይል በትክክል መቁጠር ያቅተዋል። 40 በመቶ እያለ በድንገት የሚወርድበት ሰው አንዱ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መብራት መቼ እንደሚጠፋ ለማይታወቅበት ሰፈር፣ ባገኙት ሰዓት ጢም አድርጎ መሙላት መቻል ትልቅ ነፃነት ነው። ዩዋን ፕላስን ያስመረጠኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ መኪናውንም ይይዛል። ባትሪው 100 ከሆነ ግን የሚሞላበት ቦታ የለም። እንጦጦ አካባቢ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ጢም አድርጎ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ከወረደ፣ የለመደው የሞተር መያዝ ይቀንስበታል። ፍሬን ላይ ይደገፋል። ከፍታ ላይ ካላችሁ ጠዋት ቁልቁለት ለሚጠብቃችሁ ቀን 90 አካባቢ አቁሙት።

በነገራችን ላይ የአይዲ 4 የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው። ዲስክ የለመዱ ሰዎች "ርካሽ ነገር ገጠሙበት" ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። አብዛኛውን መያዝ ሞተሩ ስለሚሠራ የኋላ ፍሬን ብዙ አይነካም፤ ዲስክ ቢሆን ዝገት ይበላዋል። ታምቡር ሽፍን ስለሆነ ከጭቃም ይድናል።

ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር የቻይና መለኪያ ነው። የቻይና መለኪያ ደግሞ ለጋስ ነው። ማስረጃው ራሱ ዩዋን ፕላስ ነው። ባለ 60.48 ባትሪው በቻይና መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሏል። ያው ባትሪ አውሮፓ ሲለካ 420 ሆነ። በእኛ መንገድ፣ በእኛ ዳገት፣ ጭነትም ካለ፣ እኔ 350 ብዬ ነው የማስበው። አይዲ 4ን በትልቁ ባትሪ ወደ 400 አስጠጋዋለሁ።

ዳገቱ ምን ያህል እንደሚፈጅ ማስላት ይቻላል። አዳማ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ሰው ጭኖ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ ሜዳ ላይ ቢሆን 20 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ስለዚህ አዳማ ስትሄዱ የፈጀውን አይታችሁ ለመመለሻም ያው ይበቃል አትበሉ። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም መኪኖች ሞልተው ከወጡ ይደርሳሉ። ለመመለስ ግን እዚያ መሙላት ግድ ነው። አይዲ 4 የሚሰጠው ጥቂት ትርፍ እዚህ ላይ ጭንቀት ይቀንሳል።

መልካሙ ነገር፣ የቤንዚን ሞተር አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየር ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። የእንጦጦን ዳገት ሁለቱም እየቀለዱ ይወጡታል።

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና

አሁን በጣም ወደማሳስበው ነገር መጣሁ። አንድ ዓይነት ስም ያለው መኪና ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገባል። አንዱ ለውጭ ገበያ ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላው ለቻይናዊ ተገልጋይ የተሠራ፣ በነጋዴ እጅ የመጣ ነው። ክሮዝ እና ኤክስ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው። ቢዋይዲ ግን ሁለቱም ዓይነት አለው።

ልዩነቱ ከመሙያው ቀዳዳ ይጀምራል። ለቻይና የተሠራው ጂቢ/ቲ የሚባለው ቀዳዳ አለው። ለውጭ ገበያ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው ያላቸው። ወደምታዘወትሩት ጣቢያ ሂዱና የትኛው ገመድ እንዳለ እዩ። አዳፕተር አለ ቢሏችሁም ለፈጣን መሙያ የሚሆን አዳፕተር ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይግባባም።

ቀጥሎ ቋንቋው። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ ማስጠንቀቂያውም በቻይንኛ ነው። "ባትሪው ግሏል፣ አቁም" የሚለውን ማንበብ የማትችሉበት መኪና ውስጥ ልጆቻችሁን ማሳፈር የለባችሁም። ሻጩ "ጋራዥ ይቀይሩላችኋል" ካለ፣ ይቀየርና እንክፈል በሉ። ሶፍትዌሩን በግድ የሚነካካ ሠራተኛ ሌላ ችግር ሊፈጥር ይችላል። በዚህ በኩል ለውጭ ገበያ የተሠራ ዩዋን ፕላስ፣ ማለትም አቶ 3፣ ትልቅ ብልጫ አለው። እንግሊዝኛው ከፋብሪካ ነው።

ዕድሜውንም ራሳችሁ አረጋግጡ። ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ስለሆነ አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ ተመርቶ ዓመት ሁለት ዓመት የቆመ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ቆሞም ያረጃል። ሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና ቁጥር አለው። ቻይና የተሠራ መኪና በኤል ይጀምራል። ከግራ አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይነግራችኋል፤ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025 ነው። ሻጩ ከሚነግራችሁ ጋር አስተያዩት።

መንገድ ላይ

አይዲ 4 የኋላ እግሩ ነው የሚጎትተው። ዩዋን ፕላስ የፊቱ። ጭቃማ ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድ አይዲ 4 የተሻለ ይይዛል። ለመዞርም ይመቻል፤ 10.2 ሜትር ስፋት ይበቃዋል፤ ዩዋን ፕላስ ትንሽ ይበልጣል። ጠባብ ኮብልስቶን ውስጥ ለሚኖር ይህ በየቀኑ የሚታይ ጥቅም ነው። የኋላው ዕቃ መጫኛም ከ500 ሊትር በላይ ነው፤ የዩዋን ፕላስ 440። ለዓመት በዓል በግና ሽንኩርት ጭኖ ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ ይታያል።

ግን ጎማውን ተመልከቱ። የአይዲ 4 የፊት ጎማ 235፣ የኋላው 255 ስፋት ነው፤ ሪሙም ትልቅ ነው። ፊትና ኋላ እያቀያየሩ ማስጨረስ አይቻልም። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ኮረኮንች ላይ ጎማ ይበላል። ዩዋን ፕላስ 1.7 ቶን ገደማ ነው፤ አራቱም ጎማ አንድ ልክ ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ትርፍ ጎማ ሳይኖራቸው የተበሳ ጎማ በሚደፍን ፈሳሽና በትንሽ ፓምፕ ብቻ ይመጣሉ። ጎማው ጎኑ ከተቀደደ ያ ፈሳሽ አይረዳም። ትርፍ ጎማ ገዝታችሁ ያዙ።

ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው የተኛው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው ሊፍት ላይ ይውጣ። የሥር መከላከያው የተፋቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተጎረበጠ ከሆነ ተዉት። ለሁለቱም መኪኖች የሥር ብረት የሚያስገጥሙ ሰዎች አሉ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ብሎኑ ግን የባትሪውን ሳጥን መንካት የለበትም።

ሲፈራረሙ

"ዋስትና አለው" የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። ዋስትናው የማን ነው? የፋብሪካው ወይስ የሻጩ? ከመቼ ነው የሚቆጠረው? ለቻይና የተሠራ መኪና የፋብሪካ ዋስትናው ብዙ ጊዜ ከቻይና ድንበር አይወጣም። ባትሪው ቢበላሽ የት ጋራዥ፣ በማን ወጪ እንደሚከፈት በውሉ ላይ ይስፈር። የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ተለክቶ፣ የተለካበት ወረቀት ከውሉ ጋር ይያያዝ። ሁለት ቁልፍ፣ መሙያው፣ ሊብሬው፣ የጉምሩክ ወረቀቱ በስም ይዘርዘሩ።

ሙሉ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ደግሞ መኪናው አንድ ሌሊት በእናንተው ግቢ፣ በእናንተው ሶኬት ይደር። ሻጩ ካልተማመነ ሰው ይላክበት፤ ወይም ቀብድ ይያዝ። ማታ ስትሰኩት በመቶኛውን ጻፉ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ዩዋን ፕላስ ከ30 በመቶ ያላነሰ፣ አይዲ 4 ከ20 በመቶ ያላነሰ መጨመር አለበት። ካልጨመረ፣ ወይም ሌሊት ደጋግሞ ካቋረጠ፣ ችግሩ የመኪናው ይሁን የቤታችሁ መስመር ኤሌክትሪሺያን አይቶ እስኪለይላችሁ ድረስ ፊርማውን አቆዩት።